ላስቲኩን ያነጠፈ ያንሳው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ መስኖ በየጊዜው ትፅፋላችሁ፣ እናነባለን፣ ግን እኛ ጋ በመቂና በዝዋይ በኩል ቲማቲምና ሽንኩርት የምናመርት ሰዎች መሀል አሁን በጣም የሚያወዛግብ ነገር ስላለ እሱን አንስታችሁ እንድትጠይቁልን ነው የምፅፈው፣ ተክሉ የሚተከልበት ከፍ ያለ አፈር፣ መደብ፣ ላይ ስለሚነጠፈው ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ሙልች ስለሚባለው።

ጥቅሙን ላስቀድም፣ እኔ የላስቲክ ተቃዋሚ አይደለሁም። በጋ ላይ እኩለ ቀን ሄዳችሁ የለበሰውን መደብ ጫፉን ገለጥ ብታደርጉት ውሃው ጤዛ ሰርቶ ከስሩ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ፣ አፈሩም ጨበጥ ሲያደርጉት ይጨበጣል፣ ከጎኑ ያለው ያልለበሰ መደብ ግን ትናንት ጠጥቶ ዛሬ ቅርፊት ሰርቶ ተሰነጣጥቋል። በፀሀይና በንፋስ ዝም ብሎ ይተን የነበረው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ለተክሉ ይተርፋል ማለት ነው። ከስሩ የጠብታ መስኖ ጎማ ከተዘረጋ ደግሞ ሞተር የሚነሳበት ቀን ይራራቃል፣ ናፍጣም ይቀንሳል። ጥቁሩ ብርሃን ስለማያሳልፍ አረም ያፍናል፣ ብርማው ብርሃን መልሶ ስለሚያንፀባርቅ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚባሉት ተባዮች በቀላሉ አያርፉም፣ ከላይ ነጭ ከስር ጥቁር የሆነው ደግሞ ሙቀት ለሚበዛበት ቆላ ይሻላል። ብርሃን የሚያሳልፈውን ግን አልመክርም፣ ከስሩ አረሙ ነው ደልቶት የሚያድገው። ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው፣ ትነት ሲቀንስ ከውሃው ጋር ወደ ላይ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል፣ ይሄ ለስምጥ ሸለቆ አፈር ትልቅ ነገር ነው።

ውሃውስ ከየት ነው የሚመጣው? ከሀይቁ፣ ከመቂ ወንዝና ከጉድጓድ። የዝዋይን ሀይቅ የባቱ ከተማ ህዝብ ይጠጣዋል፣ የአበባ እርሻው ይስበዋል፣ የኛም ፓምፕ ይስበዋል፣ የተረፈው ነው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ሀይቅ የሚወርደው፣ አቢጃታ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሸሸ ደግሞ በዚያ በኩል የሄደ ሁሉ አይቷል። ስለዚ ውሃ የሚቆጥብ ነገር ሲመጣ እሰይ ነው የምለው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኛ ጋ ብዙው አትክልት የሚለማው በኮንትራት መሬት ላይ ነው። ከከተማ የመጣ ሰው ለአንድ ወይ ለሁለት ምርት መሬት ይከራያል፣ ላስቲኩን ያነጥፋል፣ ይተክላል፣ ቲማቲሙን ለቅሞ አይሱዙ ላይ ጭኖ ይሄዳል፣ ላስቲኩ እዚያው ይቀራል። ክረምት ሲገባ ባለመሬቱ በቆሎ ልዝራ ብሎ በሬውን ጠምዶ ሲገባ ማረሻው ላስቲኩን እየጎተተ ይበጣጥሰዋል፣ ግማሹ ማረሻው ላይ ይጠመጠማል፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ሌላው በንፋስ ተነስቶ አጥርና ግራር ላይ ይሰቀላል፣ ከብቱና ፍየሉ ደግሞ ያኝከዋል፣ ሆዱ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀርና እንስሳው እየከሳ እየከሳ ይሞታል። አንድ ሽማግሌ ባለመሬት «ልጄ እኔ ያከራየሁት መሬት ነው፣ የላስቲክ መቅበሪያ አይደለም» ብለውኛል፣ እውነታቸውን ነው። ማሳው ዳር ሰብስቦ ማቃጠልም መፍትሄ አይደለም፣ ጭሱን የሚውጡት ባለመሬቶቹና ልጆቻቸው ናቸው።

ቻይናዎች በዚህ መንገድ ከኛ በፊት ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጃፓን አምጥተው ነው የጀመሩት፣ ጋንሱ በሚባለው ደረቅ ክፍለ ሀገር በአመት ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ ላይ መሬቱን ከፍና ዝቅ አድርገው ሙሉ በሙሉ ያለብሱታል፣ ዝናቡ ከከፍታው ተንሸራቶ ወደ ቦዩ ይወርድና በቀዳዳው በኩል በቆሎው ስር ይገባል፣ በዚህም ምርታቸው በጣም ጨምሯል። ግን ላስቲኩ ስስ ነበር፣ 0.008 ሚሊ ሜትር፣ ላንሳው ሲሉት እጅ ላይ ይበጣጠሳል፣ የማይነሳ ነገር ደግሞ ማንም አያነሳም። አመት በአመት ላይ ሲደራረብ በተለይ ሺንጂያንግ በሚባለው ክፍለ ሀገራቸው የጥጥ ማሳዎች ላይ አፈሩ ቁርጥራጭ ሞላበት፣ ስር እንደልቡ አይሄድበትም፣ ውሃም በደንብ አይሰርግበትም፣ ውሃ ለመቆጠብ የመጣው ነገር የውሃውን መንገድ ዘጋው። ነጭ ብክለት ብለው ነው የሚጠሩት። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ደረጃውን ወደ 0.01 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረጉት፣ ጋንሱ ላይም አሮጌውን ላመጣ ገበሬ በአዲስ የሚለወጥበት አሰራር ዘረጉ። እኛ ገና ስንጀምር ይሄን እያወቅን ለምን እንደግመዋለን?

ስሱ ለምን እንደሚገዛ አይጠፋኝም። አንድ ሄክታር ላይ የሚለብሰው መደብ 6,500 ካሬ ቢሆን ባለ 25 ማይክሮኑ፣ ማለትም 0.025 ሚሊ ሜትሩ፣ 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 8 ማይክሮኑ፣ ያ የቻይናው 0.008 ሚሊ ሜትር፣ 50 ኪሎ አይሞላም፣ ዋጋው ከክብደቱ ጋር ስለሚሄድ ሰው ወደ ርካሹ ይሮጣል። ግን ወፍራሙ ምርት ካለቀ በኋላ ግንዱን ቆርጦ ጎማውን አውጥቶ ጠርዙ ላይ የተጫነውን አፈር በዶማ ገለል ካደረጉለት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል፣ ስሱ ግን ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይቀደድና የተቀበረው እዚያው ይቀራል።

«ራሱ ይበሰብሳል» ተብሎ ስለሚሸጠውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእውነት በአፈር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ህዋሳት የሚበላ አለ፣ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 17033 እንዲህ ያለው ላስቲክ በአፈር ሙከራ በሁለት አመት ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጡን ይጠይቃል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ኦክሶ የሚሉት ደግሞ አለ፣ ፀሀይ ሲመታው ተሰባብሮ ከአይን ይጠፋል እንጂ ከአፈሩ አይወጣም፣ የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እሱ ገበያ ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል። ጭድ አንጥፉ የሚሉም አሉ፣ ለጓሮ ጥሩ ነው፣ ለሄክታር ግን የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ ማን ያነጥፈዋል።

በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አፅድቋል። ስለ ፌስታል ይሄ ሁሉ ሲወራ የማሳ ላስቲክ ስሙን የሚያነሳው ሰው አልሰማሁም።

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የመሬት ኪራይ ውሉ ሲፃፍ ላስቲኩን ያነጠፈው ሰው አንስቶ ማሳውን ንፁህ አድርጎ እንዲያስረክብ የሚል አንቀፅ ይግባበት፣ ከኪራዩም የተወሰነው ብር ባለመሬቱ ማሳውን አይቶ እስኪቀበል መያዣ ሆኖ ይቀመጥ። ከውጭ የሚገባው ጥቅልል ላይ ውፍረቱ ይፃፍበት፣ ስሱ አይግባ። የተነሳውን ላስቲክ በኪሎ የሚረከብ ቦታም መቂ ወይ ባቱ ላይ ይኑር፣ አፈር የያዘ ላስቲክ መልሶ ለማምረት ስለሚያስቸግር አራግፎና አጥቦ የማምጣቱን ስራ እኛ አምራቾቹ እንችለዋለን። እናንተም ግብርና ሚኒስቴርንና የአካባቢ ጥበቃ ባለስልጣንን ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታወጡልን፣ በተለይ መስከረምና ጥቅምት ላይ የበጋው መሬት ኮንትራት ከመፈራረሙ በፊት ቢሆን ብዙ ሰው ይጠቀምበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አትክልት አምራች፣ ከመቂ