ማርሽ ስለሚተፋው ትራክተራችን

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ትራክተራችን ሦስተኛ ማርሽ መትፋት ጀምሯል፤ ተሳቢ ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ በራሱ ከማርሽ ወጥቶ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ይገባል። እስኪጠገን ድረስ እባካችሁ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት አትውረዱበት። ማርሹን ከተፋ ሞተሩ አይዘውም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ የምትሉ አላችሁ፤ እኔ ግን ከቀላሉ እንጀምር እላለሁ። ትናንት ክዳኑን ስከፍት፣ የማርሹን ዘንግ ይዛ የምታስቀረው ትንሿ ሞላ ከሌሎቹ የጥፍር ውፍረት ያህል አጥራ አገኘኋት። ሞላ ሲደክም ዘንጉን የምትይዘውን የብረት ኳስ ዘንጉ ላይ ወዳለው ቦይ አይገፋትም። ሞላዋን እንቀይራለን። ካልተሻለው ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተበልቷል፣ ወይም የማርሹ ጥርስ ዶልዱሟል፤ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሲላላም እንዲሁ ያደርጋል፤ ያኔ ካምቢዮው ይወርዳል።

አሽከርካሪዎች፣ ማርሹ እስከ ጥግ ሳይገባ ፍሪሲዮን አትልቀቁ። እጃችሁንም ማንሻው ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ፤ ሹካውን ያስበላዋል።