«ወንጀለኛው ልጅ» ያላችሁት ማንን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሁድ ስለ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጅማ፣ ቡና መጋዘን በር ላይ ጆንያ ደርበን ተቀምጠን ሦስት ሆነን አነበብነው። ፊልሙንም እናውቀዋለን፤ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢሆንም የባልደረባዬ ልጅ እያስተረጎመችልን ሁለት ጊዜ አይተነዋል። ጸሐፊው ስለ ፍትሕ ብዙ ጽፈዋል፤ እጃቸው ይባረክ። ፊልሙ ውስጥ የተከሰሰውን ልጅ ግን 7 ጊዜ «ወንጀለኛው ልጅ» ብለውታል። ቆጥሬያለሁ።

ጁሪዎቹን፣ ማለትም ልጁ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በአንድ ድምፅ እንዲወስኑ የተቀመጡትን፣ በቁጥር የሚጠሩትን 12 ተራ ሰዎች፣ «ዳኞች» ማለታቸውን እንኳ እተወዋለሁ፤ እኛ አገር ጁሪ ስለሌለ ቃሉ ይቸግራል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ልጁ 18 ዓመቱ ነው፤ አባትህን ገደልክ ተብሏል፤ ከተፈረደበት ሞት ነው። ፊቱን የምናየው መጀመሪያ ላይ ለአፍታ ብቻ ነው፤ ቃል አይተነፍስም። ይግደል አይግደል ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይነግረንም። ታዲያ ጸሐፊው ከየት አወቁት? የመጀመሪያው ድምፅ 11 ለ 1 ነበር፤ 11ዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ «አይደለም» ያለው 8ኛው ብቻ ነው። ያቺን አንዲት ወንበር ለእሳቸው ቢሰጧቸው ፊልሙ በአሥር ደቂቃ አልቆ ሁላችንም ወደ ሥራችን እንገባ ነበር።

ደግሞስ 5ኛው ጁሪ የት ገባ? ነጭ ኮት የለበሰውን 8ኛውን አሞግሰው አሞግሰው አልጠገቡም፤ 5ኛውን ግን አንዴም አላነሱትም። ልጁ ባደገበት ዓይነት ሰፈር ያደገው እኮ እሱ ነው። ቁስሉ ከላይ ወደ ታች የተወጋ ነው፤ ሴንጢ የለመደ ሰው ግን ከታች ወደ ላይ እንጂ እንዲያ አይወጋም ብሎ ያሳያቸው እሱ ነው። ከረባት ያሰሩት ሁሉ ያላዩትን ያየው ከዚያ ሰፈር ስለወጣ ነው። ጸሐፊው እሱን ሲዘሉ እኛን ዘለሉን።

እኔ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ሰፈሬን አልጠራም፤ የጅማ ሰው ስሙን ሲሰማ ኪሱን የሚዳብስበት ነው። ከዓመታት በፊት ከምሠራበት መጋዘን 4 ጆንያ ቡና ጠፋ። ቁልፍ ያዡ አልተጠየቀም፤ ዘበኛው አልተጠየቀም። «የዚያ ሰፈር ልጅ የትኛው ነው?» ተባለ፤ እኔ ሆንኩ። እያንዳንዱ 60 ኪሎ ነው። 240 ኪሎ ተሸክሜ በአጥር መዝለሌ ነው እንግዲህ፤ ጉልበቴን ስላደነቁልኝ አመሰግናለሁ። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያበቁ ችሎቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 መሠረት፣ ተከላከል እንኳ ሳይለኝ፣ በነፃ አሰናበተኝ።

ሰው ግን «ነፃ ወጣ» አይልም። «አመለጠ» ነው የሚለው። ሽማግሌ የላክሁባቸው ቤተሰቦችም መልሳቸው ይህችው ቃል ነበረች። የጽሑፋችሁ የመጨረሻ መስመር ምን ይላል? «ወንጀለኛው ልጅ በመጨረሻ አመለጠ።» ባልደረባዬ ጮክ ብሎ እያነበበ እዚህ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ስልኩን አጠፋው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። ይህን ለጋዜጠኛ መንገር ያሳፍራል፤ ግን ነገርኩ። ፊልሙ ውስጥ 10ኛው ሰውዬ እንደ ልጁ ያሉትን «እነዚህ ሰዎች» እያለ ሲዘልፍ ሌሎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ተነስተው ጀርባቸውን ይሰጡታል። እዚህ ሻይ ቤት ጀርባ የሚሰጠው ለእኔ ነው።

7ቱንም ቦታ «ተከሳሹ» በሉልን። «አመለጠ» የሚለውንም «ነፃ ተባለ» በሉት። ጽሑፉን ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ስታርሙት ሦስታችንም እዚያው ጆንያ ላይ ሆነን እናየዋለን።

አንድ ጫኝና አውራጅ፣ ከጅማ