«እስያዊት» ማን ናት?

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ እርግዝና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ «የእስያ ሴቶች» እያለ መጠቅለሉ ግን ቅር አሰኝቶኛል። አሜሪካ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ህንዳዊትና አንዲት ኮሪያዊት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያንን ለእርግዝና ስኳር (በእርግዝና ጊዜ ለሚከሰት የስኳር በሽታ) ምርመራ የሚጠጣውን፣ 50 ግራም ግሉኮስ ያለበትን ብርቱካንማ ውሃ ፊታቸውን አጨማደው ጠጡ። ቅጹ ላይ ሁለቱም «እስያዊ» ናቸው። ስጋታቸው ግን ለየቅል ነው፦ የእርግዝና ስኳር ከኮሪያውያንና ከጃፓናውያን ይልቅ ህንዳውያንና ፊሊፒናውያን ላይ ይበዛል። ከ2,500 ግራም በታች የሚመዝን ልጅ የመውለድ ዕድልም ከቻይናውያን ይልቅ በህንዳውያን ከፍ ይላል። ሁሉንም ደምራችሁ አማካይ ስታወጡ የህንዳዊቷ ጣጣ ይደበቃል።

መረጃ ጠፍቶ ደግሞ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሻሻለው የአሜሪካ የልደት ምስክር ወረቀት ህንዳዊ፣ ቻይናዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ጃፓናዊ፣ ኮሪያዊና ቬትናማዊ የሚሉ ሳጥኖች ለየብቻ አሉት። (ምናልባት የከነከነኝ እኔም «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ከማን ከማን ጋር እንደምታጨቅ ስለማውቅ ይሆናል።)

በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ ህንዳውያኑን ለይታችሁ ጻፉልን።

አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከሜሪላንድ