እህት ዓለም፣ አንድ ነገር አንብቢልኝ

እህት ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? እማማስ? ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። አንቺም ጠፍተሻል፤ ወቀሳውን ተካፍለን እንለፈው። ዛሬ የመጣሁት ለጉዳይ ነው።

ካታሎግ ክፍል እያለን የምንጨቃጨቅበትን የስም ነገር በመጨረሻ ጻፍኩት። ለአንድ የውጭ ጆርናል ልኬው ትናንት የገምጋሚዎቹ አስተያየት መጣ። አልጣሉትም! «አሻሽለህ መልስ» ነው ያሉት። ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ግን አንደኛው ገምጋሚ «ይህ የሥራ ልምድ ነው፤ ማስረጃው የታለ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ በየቀኑ የምናየውን ሌላው ሰው እንዲያምነን በናሙና ማሳየት አለብን።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። ማርክ (MARC) በሚባለው የመጻሕፍት መመዝገቢያ ቅርጽ የደራሲው ስም የሚገባበት 100 መስክ ላይ፣ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር (የስሙን ዓይነት የሚያመለክተው አኃዝ) 0 ሲሆን ሰውየው በራሱ ስም ይገባል፤ 1 ሲሆን በቤተሰብ ስም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ከውጭ ቤተ መጻሕፍት የምንቀዳው የመጽሐፍ ሪከርድ ግን አንዱ 0፣ ሌላው 1 ይዞ ይመጣል። ታደሰ ከበደ የሚባል ደራሲ ቢኖር፣ ሌላ ቦታ «ከበደ፣ ታደሰ» ሆኖ ሁለት ሰው ይሆናል። ተማሪው ከመጻሕፍቱ ግማሹን ብቻ አግኝቶ ይሄዳል። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዓመተ ምሕረቱም አለ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው መጽሐፍ «1998 ዓ.ም.» ይላል። ሪከርዱ የኅትመት ዓመት በሚገባበት 008 መስክ ላይ እሱኑ 1998 ብሎ እንደ ፈረንጅ ዓመት አስገብቶታል። መጽሐፉ የታተመው በ2005 ወይም በ2006 ነው እኮ!

እና... እንዴት ልበልሽ፣ ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። ከእናንተ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ሪከርዶች ናሙና ታወጪልኛለሽ? 100 እና 008 ብቻ ይበቃኛል። የእኛን ከቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌራችን ከኮሃ አወጣለሁ፤ ጎን ለጎን እናየዋለን። ከተስማማሽ ስምሽ ከስሜ ጋር ይውጣ። እዚያ ላይብረሪያን ማሳተም ይጠበቅበታል ብለሽኝ የለ?

ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ አለ። የጆርናሉ ፎርም «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ብቻ ነው ያለው። ጽሑፉ ሲጠቀስ የአባቴ ስም ይቀድማል፣ የእኔ በአንድ ፊደል ያጥራል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢያይ ደስ ይለው ነበር። እኔን ግን ከነከነኝ። ስለ ስማችን የጻፍኩት ጽሑፍ ነው እኮ! አዘጋጁን ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል? አንቺ ስታሳትሚ ምን አደረግሽ?

ፋይሉን ዛሬ ማታ በኢሜይል እልክልሻለሁ። መጀመሪያ ሠንጠረዡን እዪው። አንቺ እንደሆንሽ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታልፊም፤ ለዚህ ነው ከሰው ሁሉ አንቺን የፈለግኩት። ቅዳሜ ማታ ልደውል? በእናንተ ጠዋት ይሆናል።

ወንድምሽ