ይድረስ ለጠፋሁብህ ወዳጄ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። የድሮ ደብዳቤ አጀማመር አሁንም ከእጄ አልወጣም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ! የመጨረሻ መልእክትህን «ነገ እመልስለታለሁ» ብዬ ተውኩት። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ጠፋሁ።

ዛሬ የምጽፈው ሰበብ አግኝቼ ነው። የላሊበላዋን ሚሞሪ ካርድ ታስታውሳለህ? ካሜራው «ፎርማት ላድርግ?» ሲለኝ ሳላነብ እሺ ብዬ ፎቶዎቻችንን ያጠፋሁባትን፣ አንተም በንዴት ሦስት ቀን ያኮረፍክባትን። አልጣልኳትም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ቁም ሳጥን ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ሲም ካርዶች ጋር ክብሪት ቀፎ ውስጥ አገኘኋት።

ሌሊት ኢንተርኔት ላይ መዞር አልተውኩም። አብዛኛው ጊዜ ማጥፊያ ነው፤ አንዳንዴ ግን ወርቅ ይገኛል። ያሁኑ ወርቅ ስሙ ፎቶሬክ ነው። የጠፋ ፎቶ ፈልጎ የሚያወጣ፣ በነጻ የሚወርድ ፕሮግራም ነው። መልኩ አያምርም፤ እኔ የተጠቀምኩበት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ማውስም አይሠራበትም፣ በቀስት ቁልፎች ነው የምትሄደው። አሠራሩ ግን ደስ ይላል። ካርድ ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ነው እንጂ ፎቶው አይደለም። ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ እዚያው ተኝቷል። ፎቶሬክ ማውጫውን ረስቶ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ሁሌ የሚጀምረው 255፣ 216፣ 255 በሚሉ ባይቶች ነው፤ ባይት ማለት ፋይሉ የተጻፈባቸው ቁጥሮች ናቸው። እነዚህን ባየ ቁጥር «እዚህ ጋ ፎቶ አለ» ብሎ ይጎትታል። የድሮው ስም የለም፤ ኤፍ በሚል ፊደል የሚጀምር ረጅም ቁጥር ብቻ።

አንድ ነገር ክልክል ነው፤ የወጣውን ፎቶ መልሶ እዚያው ካርድ ላይ ማስቀመጥ። ሳይወጣ የቀረውን ትደፈጥጠዋለህ። እኔም ብልጥ ሆኜ አዲስ ፍላሽ ገዛሁ። «ባለ 2 ቴራ ነው» አለኝ ሻጩ። በዚያ ዋጋ 2 ቴራ እንደማይገኝ እያወቅኩ ገዛሁት፤ ስቀህ ጨርስና ቀጥል። ቤት ስገባ ግን ጥርጣሬ ያዘኝና ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ፈተሽኩት። ፍላሹን በፋይል ይሞላዋል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነባል። እውነተኛው መጠን 32 ጊጋ! ቺፑ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጓል። 32ቱ ሲሞላ የቀረውን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል። ለእኛ ፎቶ 32 ይበቃል ብዬ በዚያችው ተጠቀምኩ።

ፍለጋው አጋማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ አብራ ጠፋች። ዋይፋዩ ግን አልጠፋም! ከራውተሩ ጎን ሳሙና የምታክል፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የምታስቀጥል ሚኒ ዩፒኤስ ሰክቼበታለሁ። ዘንድሮ ከገዛሁት ሁሉ እንደሷ የጠቀመኝ የለም። ውስጧ ድሮ ከተበላሸ ላፕቶፕ የምንፈታቸው ዓይነት 18650 ባትሪዎች አሉ። ቁጥሩ ለካ ልኩ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ስንት ዓመት ስንነካካቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ሳነብ፣ ፎቶሬክ የደረሰበትን መዝግቦ እንደሚያቆይ አወቅኩ። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ።

ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ ወጣ። ብዙዎቹ ደህና ናቸው፣ አንዳንዶቹ ተቆርጠዋል። አንተ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ጋቢ ለብሰህ የቆምክባት አለች። ዓይንህን ጨፍነሃል። ከደረትህ በታች ፎቶው ግራጫ ነው፣ እግር የለህም። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ በፋይል መልክ ነው የምልክልህ።

ለገና ትመጣለህ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ከሆነ ደህና ፓወር ባንክ ያዝልኝ፣ ያንን የፍላሽ ሻጭ ድጋሚ ማየት አልፈልግም። 20,000 ሚሊአምፔር አወር ይበቃኛል፤ በ3.7 ቮልት አብዝተህ ለሺህ ስታካፍለው 74 ዋት አወር ነው፣ አውሮፕላን ላይ እስከ 100 ይፈቀዳል። በእጅ ሻንጣህ ግን አድርገው።

እሱን ተወውና፣ በዚያች ፎቶ ላይ ትከሻህ ላይ ያረፈ እጅ አለ። ባለቤቱ ከፎቶው ውጪ ነው። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የማን እጅ ነው?

ጠፊው ወንድምህ
ከአዲስ አበባ