ፎቶው የአርበኛ ሳይሆን የኮሪያ ዘማች ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለአርበኞች ቀን ባወጣችሁት እትም ላይ ያለውን የወታደር ፎቶ አይቼ ነው የምጽፍላችሁ። ከሥሩ «ጣልያንን ሲዋጉ፣ 1944 እ.ኤ.አ.» ይላል። እኚህ ሰው ግን የኮሪያ ዘማች ናቸው። አባቴ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት በላከችው በቃኘው ሻለቃ ስለዘመቱ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን እያየሁ ነው ያደግሁት።

ዓመቱን እንይ። በ1944 እ.ኤ.አ. ጣልያን ከአገራችን ከተባረረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዓመቱን ከፎቶው ጀርባ የጻፈው ሰው ኢትዮጵያዊ ከሆነ የጻፈው በእኛው አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሣ፤ 1944 ዓ.ም. ላይ ልጆቻችን ኮሪያ ተራሮች ላይ ነበሩ። ውጭ አገር ያደጉ የልጅ ልጆች እዚህ ላይ ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም። ጋዜጣ ግን ማጣራት አለበት።

ዋናው ማስረጃ ግራ ትከሻቸው ላይ ነው። ክብ ምልክት አለ፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት መሃሉ ላይ ወገቡ የቀጠነ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ነገር ይታያል። አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተገለበጠ ሁለት 7 ቁጥር ነው። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ይህ ነው፤ ቃኘው የተዋጋው በዚሁ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው። መደቡ ቀይ፣ ሰባቶቹ ጥቁር ናቸው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀዩም ስለሚጠቁር ሁለቱ ይዋሃዳሉ፣ ብዙ ሰው ጥቁር ክብ ብቻ አይቶ ያልፋል። ፎቶውን ስካን አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ብትጨምሩለት ይለያል።

ምልክቱ ቀኝ ትከሻ ላይ ከታየ ደግሞ መጀመሪያ የኮቱን ቁልፍ እዩ። የወንድ ኮት ቁልፍ የሚተከለው በለባሹ ቀኝ በኩል ነው። በግራ ከሆነ ፎቶው ተገልብጦ ታጥቧል ማለት ነው።

ከዘመቻ መልስ ስቱዲዮ በተነሡት ፎቶዎች ላይ ደግሞ ደረቱን ተመልከቱ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ጥብጣብ ሰማያዊና ነጭ ነው፣ 17 ቀጫጭን መስመሮች ያሉት። ከአባቴ ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ሜዳዩም እጄ ላይ አለ፤ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ለእኛ ወታደሮች በራሳችን ፊደል መቀረጹን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አርበኞቻችንን ማክበራችሁን እደግፋለሁ። ነገር ግን የዚያ ዘመቻ ልጆች ከ6,000 በላይ ነበሩ፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል፣ አንድም አልተማረከም። በሌላ ጦርነት ስም ሲጠሩ ቤተሰባቸው ዝም ማለት የለበትም።

ስለዚህ ፎቶውን ከእርማት ጋር በድጋሚ አውጡልን። የላኩላችሁንም ቤተሰብ የአዛውንቱን ሙሉ ስም ጠይቃችሁ አብራችሁ ብታትሙት፣ አብሯቸው የዘመተ በሕይወት ያለ ሰው ሊያውቃቸው ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ዕድሜው ስለገፋ ለቀጣዩ ዓመት በዓል ባታቆዩት ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቃኘው ዘማች ልጅ፣ ከአዲስ አበባ