የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ዝምታውም ይቆጠርልን

ይድረስ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ ጽሑፍ ጥያቄ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ጽፎ ለሚኒስትር የሚልከው፣ መልሱም በጽሑፍ የሚመጣው ማለቴ ነው። እነዚህን መልሶች ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። (ሰው ሁሉ የየራሱ ሱስ አለው፤ ለእኔ ይሄ ደረሰኝ።)

አዳራሽ ውስጥ ሲጠየቅ ጭብጨባና ሁካታ አለ። ሚኒስትሩም ቀልድ ጣል አድርጎ ያልፋል። ወረቀት ላይ ግን ቀልድ አያዋጣም። ዛሬ የጻፈው ቁጥር ከዓመት በኋላም እዚያው ይጠብቀዋል።

ጥያቄ ሁሉ ግን ጥያቄ አይደለም። «መንግሥት የመድኃኒት እጥረትን ለመቅረፍ ምን እየሠራ ነው?» ያለ አባል «በትኩረት እየተሠራ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ማምለጫውን የሰጠው ራሱ ነው። አሁን ደግሞ ይህን ይዩልኝ፦ «ባለፉት 12 ወራት ተከፍሎባቸው እስካሁን ያልገቡት መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው? ውላቸው መቼ ተፈረመ? የማስረከቢያ ቀናቸውስ መቼ ነበር?» እዚህ ውስጥ «በትኩረት» የሚገባበት ቀዳዳ የለም። አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ፋይል መግለጥ አለበት። እንደኔ ግምት ከሆነ፣ ብዙ ነገር የሚስተካከለው ያ ፋይል በተገለጠበት ቀን ነው፤ መልሱ ገና ሳይላክ።

አንዳንድ አባላት ደግሞ አንዱን ጥያቄ ቃሉን ሳይለውጡ ለሁሉም ሚኒስቴር ይበትኑታል። ሌሎቹ በቁጥር መልሰው አንዱ ብቻ «መረጃው በማዕከል አልተያዘም» ካለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ታወቀ ማለት ነው።

መሸሻው መቼም አያልቅም። በብሪታኒያ መልሱን ማዘጋጀት ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ሚኒስትሩ ወጪው በዛ ብሎ መተው ይችላል። ነቄ የሆነ አባል ታዲያ የአምስት ዓመቱን ጥያቄ ወደ አንድ ዓመት አጥብቦ መልሶ ይልካል። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ጥያቄ የሚያዘንብ አባልም አይጠፋም። የአውሮፓ ፓርላማ ለአንድ አባል በሦስት ወር ከ20 ጥያቄ በላይ አይፈቅድም፤ በዚህ አልከፋም።

የሚከፋኝ ዝምታው ነው። የካናዳ አሠራር እዚህ ላይ ደስ ይለኛል። አባሉ በ45 ቀን ውስጥ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቀኑ ካለፈ፣ መልስ ያለመስጠቱ ጉዳይ ራሱ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። በፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ከዚያ ካለፈ የፓርቲ ቡድን መሪዎች ጥያቄው ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክት የተደረገበት በ10 ቀን መመለስ አለበት።

ከእርስዎ የምፈልገው ያን ያህል እንኳ አይደለም። አንድ ሠንጠረዥ ነው። ጥያቄው የገባበት ቀን፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን፣ ያለፈው ቀን ብዛት፣ የሚኒስትሩ ስም። በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ። «መልስ ተሰጥቷል» የሚል ምልክት ከማድረግዎ በፊትም ጥያቄውንና መልሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው ይመድቡ። ስንት ተብሎ ለተጠየቀ «በርካታ» ብሎ የመለሰ ከተገኘ፣ ቀኑ መቆጠሩን ይቀጥል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመልሶች አንባቢ